አራቱም ጫፎች ክቡ ላይ ናቸው?

«ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሒሳብ እወዳለሁ፤ ቢያንስ እስከ ዘንድሮ እወድ ነበር። የክብ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም ነገር ተደበላለቀብኝ። ሕጎቹን አንድም ሳላስቀር በቃሌ ይዣለሁ። ክብ ውስጥ ያለ ጎነ አራት ተቃራኒ አንግሎቹ ሲደመሩ 180 ዲግሪ ይሆናሉ የሚለውንማ ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ እመልሳለሁ። ፈተና ላይ ግን ጉድ ሆንኩ።

አንዱ ጥያቄ እንዲህ ይላል። ሀ፣ ለ፣ ሐ ክቡ ላይ ያሉ ነጥቦች ናቸው። ዐ የክቡ መሃል ነው። አንግል ሀለሐ 110 ዲግሪ ከሆነ አንግል ሀዐሐ ስንት ነው? ስዕሉ ላይ ዐሀለሐ አራት ጎን ያለው ቅርጽ ሆኖ ይታያል። እኔም ከ180 ላይ 110 ቀንሼ 70 አልኩ። መምህራችን መልሱ 140 ነው ብለው ኤክስ አደረጉበት። ሌላም ጥያቄ ስቻለሁ፤ እዚያኛው ላይ ተቃራኒ አንግሎችን እኩል አድርጌ ነው የሠራሁት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ ለራሴም አልገባኝም።

ቤት ሄጄ ዩኒቨርሲቲ ለሚማረው ወንድሜ አሳየሁት። እሱም ‹70 ነው፣ መምህርሽ ተሳስተው ነው› አለኝ። መምህራችንን እንደገና ልጠይቃቸው አስቤ ፈራሁ። በዚያ ላይ 11ኛ ክፍል ስገባ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማህበራዊ ሳይንስ መምረጥ አለብኝ። ሕጉን በቃሌ ይዤ እንዲህ የምሳሳት ከሆነ ማህበራዊ ገብቼ ብገላገልስ? ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት፣ ከደብረ ብርሃን»

የኔ ልጅ፣

እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ከመልሱ ልጀምርልሽ፤ እሱ ሳይለይለት ሌላውን ምክር እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ። 140 ነው። መምህርሽ ልክ ናቸው። ወንድምሽ ተሳስቷል፤ እሱን እንዴት እንደምትነግሪው በኋላ እናያለን።

የሳትሽው አንድ ነገር ብቻ ነው። በቃልሽ የያዝሽው ሕግ አራቱም ጫፎቹ ክቡ መስመር ላይ ላረፉ ጎነ አራት ነው። ያንቺው ቅርጽ ላይ ክቡን የነኩት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ ሀ፣ ለ እና ሐ። አራተኛው፣ ዐ፣ መሃል ላይ ተቀምጧል። ክቡ ውስጥ መሆን ሌላ፣ ክቡ ላይ መሆን ሌላ። ሕጉ አንድ ጫፍ እንኳ ከመስመሩ ከለቀቀ አይሠራም። ስለዚህ 180 ከማለትሽ በፊት በእርሳስሽ አራቱን ጫፎች አንድ በአንድ ንኪያቸው። አራቱም ክቡ ላይ ናቸው? ካልሆኑ ሕጉን ተዪው።

ደስ የሚለው ነገር 70 ያልሽው ዝም ብሎ ከሜዳ የመጣ ቁጥር አይደለም። እዚያው ስዕል ውስጥ አለ፤ የተጻፈበት ቦታ ነው የተሳሳተው። ከለ ማዶ፣ በትልቁ ቅስት (ቅስት ማለት የክቡ መስመር ቁራጭ ነው) በኩል፣ ክቡ ላይ አንድ ነጥብ ምረጪና መ በይው። አሁን ሀለሐመ አራቱም ጫፎቹ ክቡ ላይ የሆኑ ጎነ አራት ነው። ሕጉ እዚህ ይሠራል፤ አንግል ሀመሐ 180 ሲቀነስ 110፣ 70 ነው። ያንቺ 70 ይኸውልሽ። ከዚያ መሃል ያለው አንግል በዚያው ቅስት ላይ ከቆመው የጫፍ አንግል እጥፍ ስለሆነ፣ 70 በ2፣ 140። አንድ እርምጃ ሲቀርሽ ነው የቆምሽው።

አንዳንዱ ተማሪ ደግሞ 110ን በ2 አባዝቶ 220 ይላል። እሱም ስዕሉ ውስጥ አለ። ዐ ላይ በትልቁ በኩል የሚዞረው አንግል 220 ነው። 220 እና 140 ሲደመሩ 360፣ ሙሉ ዙር። እንግዲህ 70፣ 140፣ 220 ሦስቱም እውነተኛ ቁጥሮች ናቸው። የምርጫ ጥያቄ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ተደርድረው ይጠብቁሽ ነበር። ለዚህ ነው ቁጥር ማግኘት ብቻውን የማይበቃው፤ የማን ቁጥር እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

እኔን ከጠየቅሽኝ ችግርሽ የማስታወስ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ይዘሻል። የክብ ሕጎች ስድስት ሰባት ሆነው በዝርዝር ሲሰጡ እያንዳንዳቸው ለብቻ የቆሙ ይመስላሉ። ይህን አሰጣጥ እኔ በጭራሽ አልወደውም። ከሥር ያለው ነገር አንድ ነው፤ ሌሎቹ ከእሱ የተወለዱ ናቸው። እሱን ከያዝሽ ቀሪውን ብትረሺ እንኳ ፈተናው ላይ ቁጭ ብለሽ ታወጪዋለሽ።

ያ አንድ ነገር ቅስት ነው። እስካሁን ስትፈልጊ የነበረው ጎነ አራቱን ነው። እሱን ለጊዜው እርሺውና እያንዳንዱን አንግል «ፊት ለፊትህ ያለው ቅስት የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቂው። አንግሉ ጥግ ላይ ቆመሽ ሁለቱን እጆችሽን በሁለቱ ጎኖች አቅጣጫ እንደዘረጋሽ አስቢ። በእጆችሽ መካከል፣ ከፊትሽ የሚታየው የክቡ ክፍል ያንቺ ቅስት ነው። ከጀርባሽ ያለው አይመለከትሽም።

መሃል ላይ ከቆምሽ አንግልሽ ከቅስትሽ ጋር እኩል ነው። ቅስቱ 140 ዲግሪ ከሆነ አንግሉም 140 ነው። ክቡ መስመር ላይ ከቆምሽ ግን አንግልሽ የቅስትሽ ግማሽ ነው። በቃ፤ ሌላ ነገር የለም።

ግማሽ የሆነበትን ምክንያት ደግሞ ማየት አለብሽ፤ ያለዚያ ይህም ሌላ የሚሸመደድ ነገር ይሆንብሻል። ያንቺኑ ስዕል እንጠቀም፤ መ ትልቁ ቅስት ላይ፣ ዐ መሃል። ከመ ተነስተሽ በዐ በኩል አልፎ ክቡን ማዶ የሚነካ መስመር አስምሪ። የነካበትን ቦታ ነ በይው። አሁን ጎነ ሦስት ዐመሀን እዪው። ዐመ ሬዲየስ ነው፣ ዐሀም ሬዲየስ ነው። ሁለት ጎኖች እኩል ከሆኑ ከእነሱ ፊት ለፊት የሚቆሙት ሁለት አንግሎችም እኩል ናቸው። መ ላይ 30 ነው እንበል፤ ሀ ላይም 30 ይሆናል። የጎነ ሦስት ውጫዊ አንግል የሁለቱ ሩቅ ውስጣዊ አንግሎች ድምር ስለሆነ አንግል ሀዐነ 60 ነው። በሌላው በኩል ጎነ ሦስት ዐመሐም እንደዚሁ ነው። መ ላይ 40 ከሆነ ሐ ላይም 40፣ ስለዚህ አንግል ነዐሐ 80። አሁን ደምሪ። መ ላይ 30 እና 40፣ 70። ዐ ላይ 60 እና 80፣ 140። በ30 እና በ40 ፈንታ የፈለግሽውን ቁጥር አስገቢ፤ መሃሉ ሁልጊዜ እጥፍ ይወጣል። ዐ ከአንግሉ ጎኖች ውጭ የሚወድቅበት አቀማመጥ አለ፤ እዚያ በመደመር ፈንታ መቀነስ ነው፣ ሌላው ያው ነው።

አሁን የ180ው ሕግ ከየት እንደመጣ እዪ። ጎነ አራት ሀለሐመ ላይ፣ ለ ቆሞ የሚያየው ቅስት ከሀ በመ በኩል ዞሮ ሐ የሚደርሰውን ነው። መ ቆሞ የሚያየው ደግሞ ከሀ በለ በኩል ሐ የሚደርሰውን። ሁለቱ ቅስቶች ሲገጣጠሙ ሙሉው ክብ ነው፤ 360። ሁለቱ አንግሎች የየቅስታቸው ግማሽ ናቸው። የ360 ግማሽ 180። ሕጉ ይኸው ነው። እንዲህ ካየሽው ዐን ከ180ው ሒሳብ ውስጥ የማስገባት ሐሳብ ራሱ አይመጣብሽም፤ ዐ ግማሹን ሳይሆን ሙሉውን ቅስት ነው የሚቆጥረው።

ይህን በእጅሽ ማየት ከፈለግሽ ከጓዳ አንድ ሳህን አምጪ። ወረቀት ላይ ደፍተሽ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪ። ክቡ ላይ አራት ነጥብ እንደመጣልሽ አድርጊ፤ እኩል አታራርቂያቸው። አገናኚያቸውና ጎነ አራቱን በመቀስ ቁረጪው። ከዚያ ሁለቱን ተቃራኒ ጥጎች ቅደጂና ጫፍ ለጫፍ፣ ጎን ለጎን አስጠጊያቸው። የውጭ ጠርዛቸው ማስመሪያ ቢደረግበት ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። የቀሩትን ሁለቱን ጥጎችም አድርጊ፤ ያው ነው። አሁን ሌላ ጎነ አራት ሥሪ፤ በዚህኛው ላይ አንዱን ነጥብ ሆን ብለሽ ከክቡ ትንሽ ወደ ውስጥ አስገቢው። የዚያን ነጥብ ጥግና ተቃራኒውን ስታስጠጊ ከቀጥታ መስመሩ ያልፋሉ። ነጥቡን ወደ ውጭ ብታወጪው ደግሞ ይጎድላሉ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለፈተናም ይጠቅማል። መን ክቡ ላይ ወዲያና ወዲህ ብታንሸራትቺው 70 እንዳለ ይቆያል፤ ከለ ማዶ እስካለ ድረስ ቅንጣት አይለወጥም። ወደ ውስጥ ስትገፊው አንግሉ እየሰፋ ይሄዳል። ዐ ጋ ሲደርስ 140 ሆኗል። ስለዚህ ጫፉ ክቡ ውስጥ ከገባ የእሱና የተቃራኒው አንግል ድምር ከ180 ይበልጣል፤ ከወጣ ያንሳል። የተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ ድምሩ በትክክል 180 ከሆነ አራተኛው ጫፍ የግዱን ክቡ ላይ ነው። አራት ነጥቦች በአንድ ክብ ላይ መሆናቸውን አረጋግጪ የሚል ጥያቄ ሲመጣ መንገዱ ይሄ ነው።

ወደ ሁለተኛው ስህተትሽ ልምጣ። ተቃራኒ አንግሎችን እኩል ያደረግሽው ለምን እንደሆነ እኔ እነግርሻለሁ። ፓራሌሎግራም ጋር ቀላቅለሽው ነው። ፓራሌሎግራም ላይ ተቃራኒ አንግሎች እኩል ናቸው፤ ድምራቸው 180 የሚሆነው ጎን ለጎን ያሉት ናቸው። ክብ ላይ ባለ ጎነ አራት ግን 180 የሚሆኑት ተቃራኒዎቹ ናቸው። ለዓመታት ፓራሌሎግራም ስትሠሪ ከርመሽ እጅሽ ለምዶታል። አንድ ቅርጽ ሁለቱንም እንዲሆን ብናስገድደው ምን ይፈጠራል? ተቃራኒዎቹ እኩልም መሆን አለባቸው፣ ድምራቸውም 180። ያኔ እያንዳንዱ 90 ነው። ስለዚህ ክብ ላይ አራት እግሩን ማሳረፍ የሚችለው ፓራሌሎግራም ሬክታንግል ብቻ ነው። ሮምበስ ከሆነ ደግሞ ስኩዌር ካልሆነ አይገባም። ትራፒዚየምም የግራና የቀኝ ጎኖቹ እኩል ካልሆኑ ክብ አያገኝም። ጥያቄው ውስጥ «ክብ ላይ ያለ ፓራሌሎግራም» የሚል ካየሽ እንግዲህ አራቱም አንግሎች 90 መሆናቸው ሳይነገርሽ ተነግሮሻል።

አሁን እኔ ራሴ እንዴት እንደምሠራ ላሳይሽ። ስዕሉ ሲሰጠኝ በመጀመሪያ የማደርገው ከክቡ ውጭ፣ በየቅስቱ አጠገብ፣ የቅስቱን ዲግሪ በቀጭን እርሳስ መጻፍ ነው። ለምሳሌ ቅስት ሀለ 70፣ ቅስት ለሐ 80፣ ቅስት ሐመ 120፣ ቅስት መሀ 90 ይሁኑ። ድምራቸው 360። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ንባብ ነው። ሀ የሚያየው ከለ በሐ በኩል እስከ መ ነው፤ 80 እና 120፣ 200፤ ግማሹ 100። ሐ የሚያየው የቀረውን 160፤ ግማሹ 80። 100 እና 80፣ 180። ለ የሚያየው 120 እና 90፣ 210፤ ግማሹ 105። መ የሚያየው 150፤ ግማሹ 75። 105 እና 75፣ 180።

አሁን ሁለቱን ዲያጎናሎች አስምሪ፤ ሀሐን እና ለመን። ብዙ ተማሪ የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው፤ ጥጎቹ ላይ ብቻ ስምንት አንግል ይሆናሉ። ግን ያሉት ቅስቶች አሁንም አራት ናቸው፤ እያንዳንዱን ቅስት ሁለት ሁለት አንግሎች ያዩታል። ቅስት ለሐን የሚያዩት ሀ ላይ ያለው እና መ ላይ ያለው ናቸው፤ ሁለቱም 40። ቅስት ሐመን ሀ እና ለ ያዩታል፤ ሁለቱም 60። ቅስት መሀን ለ እና ሐ፤ 45፣ 45። ቅስት ሀለን ሐ እና መ፤ 35፣ 35። አንድ ቅስት ላይ የቆሙ አንግሎች እኩል ናቸው የሚለው ሕግ ይህ ነው። ዲያጎናሎቹ የሚቋረጡበትን አንግል ከጠየቁሽም አትጨነቂ። ከሀ እና ከለ ጋር የሚሠራውን ጎነ ሦስት ያዢ፤ ሀ ላይ 40፣ ለ ላይ 45፣ የቀረው 95። ቅስት ሀለ እና ቅስት ሐመ ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉም 95 ነው፤ አረጋግጪው።

ውጫዊ አንግል የሚሉትም አያስፈራሽ። አንዱን ጎን ወደ ውጭ ብትቀጥዪው የሚወጣው አንግል ከተቃራኒው ውስጣዊ አንግል ጋር እኩል ነው። ሁለቱም ከ180 ላይ ያንኑ አንግል ሲቀነስ ስለሚገኙ ነው። ከዚህ በላይ የሚባል የለውም።

ዲያሜትር ያለበት ጥያቄ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። አንግሉ ዲያሜትር ላይ ከቆመ የሚያየው ግማሽ ክብ ነው፤ 180። ግማሹ 90። ይህን አናጺ ሰው በስኳድራ ሊጠቀምበት ይችላል። ያንቺን ሳህን ክብ እንደገና አምጪና የደብተር ወረቀት ጥግ ክቡ መስመር ላይ አስቀምጪ። የወረቀቱ ሁለት ጠርዞች ክቡን የሚቆርጡባቸውን ሁለት ቦታዎች ምልክት አድርጊና አገናኚ። ዲያሜትር ነው። ወረቀቱን ወደ ሌላ ቦታ አዛውረሽ ድገሚው። ሁለቱ ዲያሜትሮች የሚቋረጡበት የክቡ መሃል ነው። ኮምፓስ የለ፣ ልኬት የለ። ምድጃ ክዳን ላይ መያዣ የሚተክል ሰው መሃሉን ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ መላ አያገኝም።

ይህ ከቅስት መነሳት የሚለው ምክር የኔ ፈጠራ እንዳይመስልሽ። የግሪኩ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ ሆኖ ያዘጋጀው «ኤለመንትስ» ሦስተኛው መጽሐፍ ስለ ክብ ነው። 20ኛው አንቀጽ መሃሉ የጫፉ እጥፍ ነው ይላል። 21ኛው አንድ ቅስት ላይ የቆሙ አንግሎች እኩል ናቸው ይላል። ያንቺ የጎነ አራት ሕግ የሚመጣው 22ኛው ላይ ነው። የሚያረጋግጠውም ዲያጎናሎቹን አስምሮ በ21ኛው ነው። ከላይ በሠራነው ምሳሌ ልትከተዪው ትችያለሽ። ጎነ ሦስት ሀለሐ ውስጥ ያሉት ሦስት አንግሎች 40፣ 105 እና 35 ናቸው፤ 180። 40ውና 35ቱ ግን ተሻግረው መ ላይ አሉ። ስለዚህ መ ላይ 75፣ ለ ላይ 105። ከኔ መንገድ ይልቅ የእሱ ያምራል ብል አላፍርም። ከ180 በላይ የሆነ አንግል አንድም ቦታ አልነካም።

እዚያው እስክንድርያ፣ በሁለተኛው መቶ ዘመን ዓመተ ምሕረት፣ የከዋክብት ተመራማሪው ፕቶሌሚ ክብ ላይ ስላለ ጎነ አራት ሌላ ነገር ተጠቅሟል። ሁለቱ ዲያጎናሎች ሲባዙ፣ የተቃራኒ ጎኖች ብዜቶች ድምር ይሆናሉ። የከዋክብትን አቀማመጥ ለማስላት የሚያስፈልገውን ሠንጠረዥ የሠራው በዚህ እየታገዘ ነው። ሬክታንግል ላይ ሞክሪው። ዲያጎናሎቹ እኩል፣ ተቃራኒ ጎኖቹም እኩል ስለሆኑ የፓይታጎረስ ቀመር ዱብ ይላል። ፈተና ላይ ላይመጣ ይችላል፤ ግን እንዲህ ዓይነቱን ነገር ስታዪ ደስ ካለሽ ከሒሳብ ጋር አልተጣላሽም ማለት ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ማህበራዊ ሳይንስ ገብተሽ ከሒሳብ የምትገላገዪ ከመሰለሽ፣ አትገላገዪም። ማህበራዊ የመረጡትም ሒሳብ ይማራሉ፤ 12ኛ ክፍል ላይም ይፈተናሉ። ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስ ስለምትወጂ ከሆነ ማህበራዊ ግቢ፣ እሰየው። ከአንድ ምዕራፍ ለመሸሽ ከሆነ ግን ምርጫ አይባልም። ያልሽኝን ሁለት ስህተቶች አየኋቸው። አንዱ ሕግን ከቦታው ውጭ መጠቀም ነው፣ ሌላው ከፓራሌሎግራም ጋር መቀላቀል። ሁለቱም አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብለሽ የምታስተካክያቸው ናቸው። ምርጫሽን ከዚያ በኋላ አስቢበት።

መምህርሽን ጠይቂያቸው። ፍርሃትሽ ይገባኛል፤ ወንድምሽ ተሳስተዋል ያላቸውን ይዘሽ መሄድ ከባድ ነው። ግን እሱን ማንሳት አያስፈልግም። የፈተና ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂና «ቲቸር፣ 70 መ ላይ መሆኑን አሁን አየሁት፤ እንዲህ ብሠራው ልክ ነው?» በያቸው። የሠራሽውን አሳዪያቸው። ነጥብ ፍለጋ ሳይሆን ለመረዳት የመጣ ተማሪ ፊቱ ያስታውቃል፤ አብዛኛው መምህር ደግሞ እንዲህ ያለውን ተማሪ ቆሞ ያስረዳል። ነጥቡ ላይመለስልሽ ይችላል። ይቅር።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ ሕግ ጠቅሰሽ አትከራከሪው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው በታናሽ እህቱ ሕግ ሲጠቀስበት ይከብደዋል። ሬዲየስ ብቻ ይዘሽ ሂጂ። ዐሀ፣ ዐለ እና ዐሐ ሦስቱም እኩል መሆናቸውን አሳምኚው፤ ይህን እምቢ ሊል አይችልም። ዐለን አስምሪ። ሁለት ጎነ ሦስቶች ይወጣሉ፤ ሁለቱም ሁለት እኩል ጎን አላቸው። ስለዚህ ሀ ላይ ያለው አንግል ለ ላይ ካለው አንዱ ቁራጭ ጋር እኩል ነው፤ ሐ ላይ ያለውም ከሌላው ቁራጭ ጋር። ሁለቱ ቁራጮች አንድ ላይ 110 ናቸው። እንግዲህ ሀ እና ሐ ተደምረው 110፣ ለ ብቻውን 110፣ በድምሩ 220። የጎነ አራት አንግሎች 360 ናቸው። ለዐ የቀረው ስንት ነው? ራሱ ይበለው፣ አንቺ ዝም በዪ።

እንዲያውም ከዚሁ ስሌት አንድ ተጨማሪ ነገር ይወጣል። ለ ላይ ያለው አንግል ምንም ይሁን፣ ለ እና ዐ ሲደመሩ ሁልጊዜ 360 ሲቀነስ ለ ነው። ይህ 180 የሚሆነው ለ ራሱ 180 ሲሆን ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጥግ የለም፣ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ስለዚህ የወንድምሽ ዘዴ አንዱ ጫፍ መሃል ላይ ከተቀመጠ አልፎ አልፎ እንኳ አይሠራም። ለአንድም ቁጥር።

አሁንም ከተከራከረሽ ይህን ጥያቄ ስጪው። በዚሁ ስዕል፣ ለ ላይ ያለው አንግል እና ዐ ላይ ያለው አንግል እኩል እንዲሆኑ ለ ስንት ዲግሪ መሆን አለበት? 90 ካለሽ አሁንም የ180ውን ሕግ አልተወም ማለት ነው። መልሱ ከ100 በላይ ነው፤ ከዚህ የበለጠ አልነግረውም።